ጥንስሱ በካርቱም ሰማይ፣ ማዕበሉ በአትላንቲክ



በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ በካሪቢያን ደሴቶችና በአሜሪካ ደቡባዊ ጠረፍ የሚኖረው ሕዝብ ጆሮው ከሬዲዮ አይለይም። የሃሪኬን ወቅት ነውና። ይህ ወቅት በአማካይ ስሌት የሚከርረው ሴፕቴምበር 10 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። የእኛ ክረምት ሊወጣ ጓዙን ሲሸክፍ እዚያ ባሕሩ ይቆጣል። ከፊሉ ግጥምጥሞሽ ነው፤ አትላንቲክ የበጋውን ሙቀት አጠራቅሞ የሚጨርሰው በዚያ ሰሞን ስለሆነ። የቀረው ግን ግጥምጥሞሽ አይደለም። የዛሬው ንግግሬም ስለ ቀረው ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትና በፈረንጅ ስማቸው የምጠራቸው ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ዜናው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። “ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አጠገብ ዝቅተኛ ግፊት ተፈጥሯል” ይባላል፤ ማያሚ የሚገኘው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል በካርታው ላይ ክብ ያሰምራል፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ያንን ክብ ይከተላል። ካርታው ዳካር ላይ ስለሚያልቅ ነገሩም ከዳካር የጀመረ ይመስላል። ደመናው ግን ዳካር የደረሰው መንገድ ለመንገድ ሳምንት ከርሞ ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ምሥራቅ ስንከተለው ማሊን፣ ኒጀርንና ቻድን አልፈን ዳርፉር እንደርሳለን። አንዳንዴ እዚያም አይቆምም፤ ካርቱምን አሳልፎ እስከ ጎንደርና ጎጃም ደጋ ይወስደናል።

ካርቱምን የማያውቅ ሰው ዝናብ የሌለበት ከተማ ይመስለዋል። በከፊል እውነት ነው። በሜይ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይዘልቃል፤ የዓመቱ ዝናብም በደህና ዓመት ከ160 ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ይህንን በሐምሌ ግማሽ ወር ብቻ ልታገኘው ትችላለች። ሆኖም ጥቂቱ ዝናብ የሚመጣበት መንገድ አስፈሪ ነው። ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሹ ላይ፣ ቡናማ ግድግዳ ከአድማስ ይነሳል። ሀቡብ ይሉታል። ቁመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከተማው ላይ ሲደርስ ቀኑ ይጨልማል፣ መኪኖች በጠራራው ሰዓት መብራት ያበራሉ፣ አየሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። እንግሊዛዊው ሰተን በ1925 ስለ ካርቱም ሀቡብ ባሳተመው ጥናት ከተማይቱ በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ያህል እንደምትመታ ቆጥሮ ነበር፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ሀቡብን በረሃው በራሱ ያስነሳዋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የሚያስነሳው ግን ዝናብ ነው። ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ውኃ በደረቁ አየር ውስጥ ሲያልፍ ይተናል፤ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወድቃል፤ መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተንና አፈሩን ጠርጎ ያነሳዋል። ስለዚህ ካርቱም ላይ አቧራ የነፋበት ሰው፣ ኋላው ካልደረቀ በቀር፣ ደመና ይከተለዋል። የካርቱም ሰዎች ይህን ከማናችንም በፊት ያውቁታል፤ ሀቡቡ ሲነሳ ከሰገነት ላይ አልጋቸውን የሚያነሱት አቧራውን ብቻ ፈርተው አይደለም።

ደመናውስ ከየት ይመጣል? ሁሉም ከእኛ ነው ብል ዋሽቻለሁ። ብዙው እዚያው በሱዳን ሜዳ ላይ ይወለዳል። ሆኖም የኢትዮጵያ ደጋ በዚህ ጉዳይ ትልቅ ድርሻ አለው። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መሬት በፀሐይ ሲግል፣ በላዩ ያለው አየር በዚያው ከፍታ ላይ ሱዳን ሰማይ ከሚንሳፈፈው አየር የበለጠ ይሞቃል፤ ስለዚህ ይነሳል። እርጥበት ስላለውም ደመና ይሠራል። ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ ቁልቁለት ላይ የተነሳው ነጎድጓድ ሲመሽ እርስ በርሱ እየተያያዘ በመተማና በገዳሪፍ አቅጣጫ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ከጎንደር እስከ ካርቱም በአየር ከ600 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጠንካራው ጭፍራ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ይሻገራል፤ ደካማው መንገድ ላይ ይቀራል። በ2008 ላይንግና ባልደረቦቿ በሳተላይት ምስል ባደረጉት ጥናት፣ በሰሜናዊው የአፍሪካ ሐሩር ክልል ረጅም መንገድ የሚጓዙት ነጎድጓዶች ከተራሮች ግርጌ የሚነሱ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ከዳርፉር ተራሮች፣ ከናይጄሪያው ጆስ አምባ። የዳርፉሩ ጀበል መራ ከፍታው 3,042 ሜትር ነው። በዚያ ሜዳ መካከል ብቻውን ቆሞ ሰማይን የሚረብሽ ተራራ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ትዕግሥት እለምናለሁ፤ ይህ ክፍል ካልገባ የቀረው ሁሉ ተረት ይመስላል።

በክረምት ወራት ሰሐራ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ከእሱ በስተ ደቡብ ያለው አገር ደግሞ ለምልሞና ረጥቦ ቀዝቀዝ ይላል። ሙቁና ቀዝቃዛው ጎን ለጎን ሲኖሩ በመካከላቸው፣ ከመሬት 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ጠንካራ ነፋስ ይፈጠራል። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሜትሮሎጂ ሰዎች የአፍሪካ ምሥራቃዊ የነፋስ ጅረት ይሉታል። ከሱዳን ሰማይ ተነስቶ እስከ አትላንቲክ ይዘረጋል። ይህ ጅረት ቀጥ ብሎ አይነፍስም። አንድ ሰው ተዘርግቶ የተያዘን ገመድ ጫፍ ሲንጠው ንቅናቄው ወደ ሌላው ጫፍ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በጅረቱም ላይ ሞገድ ይሄዳል። ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው ከ2,000 እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንድ ቦታ ቆሞ ለሚያይ በየሦስት ወይም በየአምስት ቀኑ አንድ ሞገድ ያልፋል። በሞገዱ ሆድ ውስጥ ነፋሱ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ደመናም ይሰበሰባል። በዓመት 60 ያህሉ የአፍሪካን ጠረፍ ለቀው ወደ ባሕር ይወጣሉ።

ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ ያከራከረው ታዲያ “ገመዱን ማን ይንጠዋል?” የሚለው ነው። ጎርደን ደን በ1940 በካሪቢያን ደሴቶች ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተከታተለ የሚያልፍ የግፊት ለውጥ እንዳለ ጽፎ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ግን ከእሱ መሣሪያ አቅም በላይ ነበር። ሳተላይት ከመጣ በኋላ ቶቢ ካርልሰን በ1969፣ ሮበርት በርፒ በ1972 ምንጩ አፍሪካ ውስጥ መሆኑን አሳዩ። በርፒ ምሥራቃዊውን ጫፍ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ኬንትሮስ መካከል አደረገው። ካርቱም 32.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከድንበሩ ወዲህ ትቀራለች ማለት ነው። የዚያን ጊዜው ማብራሪያ ጅረቱ ራሱ ያልተረጋጋ ስለሆነ ሞገዱ ከራሱ ይበቅላል የሚል ነበር። ቆንጆ ማብራሪያ ነው፤ ግን ጅረቱ አጭር ነው። ትንሽ ንቅናቄ አድጋ ትልቅ ሞገድ ለመሆን የሚያስፈልጋት ርቀት ከሱዳን እስከ ሴኔጋል አይገኝም። ስለዚህ ከመነሻው ላይ ኃይለኛ ንጠት ያስፈልጋል። በ2008 ቶርንክሮፍት፣ ሆልና ኪላዲስ በኮምፒውተር ሞዴል ዳርፉር አካባቢ ሰማዩን ድንገት አሞቁት፤ ትልቅ የነጎድጓድ ጭፍራ ውኃውን ሲያዘንብ የሚለቀውን ሙቀት ያህል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የታወቀው ሞገድ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ብቅ አለ። እንግዲህ ገመዱን የሚንጠው ዶፍ ነው።

በዚህ ጥናት መስክ የእኛ ሰው መኖሩን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። ዶክተር አደመ መኮንን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ባሳተሙት ሥራ በሰሜናዊው የአፍሪካ ሐሩር ክልል የሚነሳውን ጥልቅ ደመናና ከእነዚህ ሞገዶች ጋር ያለውን ዝምድና መርምረዋል፤ የዳርፉርም ሰማይ ቁልፍ መሆኑን ካመለከቱት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። በእኔ ግምት የኢትዮጵያ ደጋን ሰማይ የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ከዳካር ይልቅ ወደ ምሥራቅ ቢጥል አያስደንቅም።

ከሁሉ በጥሩ ሁኔታ የተመረመረው ምሳሌ በ2000 የተነሳው አልቤርቶ ነው። በኦገስት መጀመሪያ ቀናት ከአፍሪካ ጠረፍ እንደወጣ ስም ተሰጠው፤ አድጎም ከፍተኛ ሃሪኬን ሆነ። መሬት ሳይነካ በባሕሩ መካከል ትልቅ ቀለበት ሠርቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ሂልና ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ወደ ኋላ ተከተሉት። ያ ሃሪኬን ከመወለዱ በፊት የነበረው ደመና፣ ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተነሳ ሰፊ የነጎድጓድ ጭፍራ ሆኖ አገኙት። ደጋውን ለቆ ሱዳንን አቋረጠ፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለውን ሳህልን ይዞ ተጓዘ። እኛ በዚያ ሰሞን ጃንጥላ ይዘን ጭቃውን እያማረርን የምናስበው ስለ አትላንቲክ አልነበረም።

እንዴት ተከተሉት ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ የክትትሉ ጥበብ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የአውሮፓው ሜቴዎሳት ሳተላይት አፍሪካን ፊት ለፊት እያየ ይኖራል። የመጀመሪያው በ1977 መጠቀ፤ በ2022 መጨረሻ የመጠቀው አዲሱ ትውልድ በየ10 ደቂቃው ምስል ይልካል። ቀንም ሌሊትም የደመናን አናት ሙቀት ይለካል። አናቱ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ከደረሰ ደመናው ለአካባቢው የሚቻለውን ያህል ከፍ ብሏል፤ ከሥሩ ዶፍ አለ። ይህን ግን ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል። አስቸጋሪው ደመናው ጠዋት ጠዋት የሚሞት መሆኑ ነው። አመሻሽ ካርቱም ላይ ያየኸው ጭፍራ በማግስቱ ረፋድ የለም፤ ከሰዓት በኋላ 300 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ርቆ ሌላ ይነሳል። ልጁ ያው ነው ወይስ ሌላ?

ዴንማርካዊው ሆቭሞለር በ1949 ያቀረበው ሥዕል እዚህ ላይ ይረዳል። በወረቀቱ አግድም ኬንትሮስን፣ ቁልቁል ቀናቱን ያሰፍሩና በየሰዓቱ ቀዝቃዛ ደመና የታየበትን ቦታ ነጥብ ያደርጋሉ። ነጥቦቹ ሲበዙ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያዘነብሉ መስመሮች ይወጣሉ፤ ደመናው እየሞተና እየተነሳ፣ መስመሩ ግን ሳይቋረጥ። የመስመሩ ዝንባሌ የሞገዱ ፍጥነት ነው፤ በቀን 600 ወይም 700 ኪሎ ሜትር። ከካርቱም እስከ ዳካር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገዱ ስምንት ቀን ይፈጃል። ከዳካር እስከ ካሪቢያን ደግሞ ሌላ ሳምንት። ስለዚህ ዛሬ አንቲጓ ላይ ጣሪያ የሚገነጥል ማዕበል፣ ሐረጉ እስከዚህ ከተመዘዘ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሱዳን ገበሬ ማሽላውን ያጠጣለት ዝናብ ነበር።

እንዲህ ስል “ሃሪኬን ኢትዮጵያ ውስጥ ይወለዳል” እያሉ የሚኮሩ ጽሑፎችን ያነበበ ሰው ራሱን ይነቀንቅ ይሆናል። በዚህ ኩራት አልስማማም፤ ወቀሳውንም አልቀበልም። ከ60ዎቹ ሞገዶች ብዙዎቹ ባሕር ላይ ይጠፋሉ። አትላንቲክ በአማካይ በዓመት 14 ስም ያገኙ ማዕበሎች ያወጣል፤ ከእነሱ 7 ሃሪኬን ይሆናሉ፣ 3 ብቻ ከባድ ይሆናሉ። ሞገዱ ማዕበል እንዲሆን ባሕሩ ቢያንስ 26.5 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ከላይና ከታች ያለው ነፋስ በፍጥነትም በአቅጣጫም መስማማት አለበት፤ ካልሆነ የማዕበሉ ግንብ ገና ሳይቆም ይናዳል። የሰሐራ ደረቅ አቧራ ከገባበትም ይዳከማል። ሆኖም ከባድ ከባዶቹን ስንመለከት ነገሩ ይለወጣል፤ ከእነሱ 85 በመቶ ያህሉ ከአፍሪካ ሞገድ የተነሱ ናቸው። የላንድሲ የ1993 ጥናት ነው ይህን ቁጥር ያስታወቀው።

የዓመታቱም ነገር ያስገርማል። በ1988 በኦገስት 4 ሌሊት ካርቱም ላይ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ፤ የዓመቱ በአንድ ሌሊት፣ ከዓመቱም አልፎ። የጭቃ ቤቶች ሟሙ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ መጠለያ አጣ፤ ዓባይም ተከትሎ ሞላ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 3 ከአፍሪካ ጠረፍ የወጣ ሞገድ ጊልበርት የተባለ ሃሪኬን ሆኖ ሴፕቴምበር 12 ጃማይካን ከጫፍ ጫፍ አቋረጠ። በማግስቱ የአየር ግፊቱ 888 ሚሊባር ደረሰ፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ እስከ 2005 ድረስ ከዚያ ያነሰ አልተለካም። የካርቱሙ ዶፍ ጊልበርትን ወለደ አልልም፤ አንድ ወር ይለያቸዋል። የሁለቱ አባት ግን አንድ ነው፤ ሳህልን ያጠገበ፣ ሞገዱን ያበረታ፣ በአትላንቲክ ላይ ነፋሱን ያረጋጋ ዓመት።

2020ም እንዲሁ ነበር። ሱዳን በሴፕቴምበር የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጣችው ዓባይ ካርቱም ላይ ከ1946 እና ከ1988 በላይ ሞልቶ ነው። አትላንቲክም ስም ያገኙ 30 ማዕበሎች አወጣ፤ የተዘጋጀው የስም ዝርዝር አልቆ ወደ ግሪክ ፊደል ተሄደ። በተቃራኒው በድርቅ የተመታው 1983 በአትላንቲክ 4 ማዕበል ብቻ ያየ ዓመት ነው። በኤል ኒኞ ምክንያት ክረምታችን በከሸፈበት በ2015 አትላንቲክ ላይ ስም ያገኙት 11 ነበሩ። ኤል ኒኞ በፓስፊክ ሲነሳ በካሪቢያን ላይ የላይኛውን ነፋስ ያጠነክርና ማዕበሉን ይቆርጠዋል፤ በእኛ በኩል ደግሞ ክረምቱን ያዳክማል። ኮሎራዶ ላይ ሲያስተምር የኖረው ዊልያም ግሬይ የሳህል ዝናብና ከባዱ ሃሪኬን አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ በ1990 ጽፎ ነበር።

በሌላው ወገናችን ስላለው ባሕር ጥቂት ልበል፤ ካላነሳሁት መጠየቄ አይቀርም። ቀይ ባሕር ሙቀት አያጣም፤ ግን ጠባብና በደረቅ አየር የተከበበ ስለሆነ ካርቱም ከዚያ በኩል አውሎ አያሰጋትም። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ግን ሌላ ነው። ሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ሶማሌላንድ ላይ አረፈ፤ ቅሪቱም ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዘለቀ። ኖቬምበር 2020 ጋቲ ሶማሊያን መታት፤ በዚያ ምድር ላይ ማረፋቸው ከተመዘገበው ሁሉ የጠነከረው እሱ ነው። በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉት በአረቢያ በረሃ ላይ ሐይቅ ያህል ውኃ ጥለው ሄዱ፤ በዚያ ርጥበት የተራባው አንበጣ በ2019 እኛ ማሳ ላይ ደረሰ። የሰማይ ሥራ ሲጀምር የት እንደሚያበቃ አያስታውቅም።

አሁን እኔን የሚያሳስበኝን ላንሳ። ይህን ሁሉ የሚያጠኑት ታላላቅ ዘመቻዎች የተካሄዱት ከጅረቱ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ነው። በ1974 ከብዙ አገር የተውጣጡ መርከቦችና አውሮፕላኖች ዳካርን ማዕከል አድርገው ተሰማሩ፤ በ2006ም የፈረንሳይና የሌሎች አገሮች ሰፊ ጥናት ያተኮረው በምዕራብ አፍሪካ ላይ ሲሆን፣ ናሳ ደግሞ ኬፕ ቨርዴ ላይ ሰፈረ። ገመዱ የሚናጥበት ጫፍ፣ ማለትም ዳርፉር፣ ኮርዶፋን፣ ካርቱምና የእኛ ምዕራባዊ ቁልቁለት፣ በምድር ላይ ከሚለካበት መሣሪያ ይልቅ ስለ እሱ የሚወራው ወሬ ይበዛል። የአየር ፊኛ በዓለም ዙሪያ በቀን ሁለት ጊዜ ይለቀቃል፤ የነፋሱን ጅረት በ3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በቀጥታ የሚለካው እሱ ነው። ከዚህ የሰማይ ክፍል የሚላከው የፊኛ መረጃ ከአውሮፓው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ሳተላይት የደመናን አናት ያያል፤ ከሥሩ ያለውን ነፋስ ግን ሞዴል በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም በመነሻው ላይ ትንሽ ከተሳሳተ ከስምንት ቀን በኋላ ዳካር ላይ ትልቅ ስሕተት ይሆናል።

ዳርፉር ከ2003 ጀምሮ የጦርነት አገር ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ውጊያው ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር፤ የአንድ ከተማ የአየር ጠባይ ልኬት እንደ ወጉ የሚያያዘው ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያ ጋር ነው። በዚያ ሰሞን በመተማ በኩል ከገቡት መካከል ዓመታት ካርቱም የኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ነበሩ፤ አንዳንዶቻችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። በዚያው ዓመት፣ በሜይ፣ የማያሚው ማዕከል የማዕበል መፈጠር ትንበያውን ከአምስት ቀን ወደ ሰባት ቀን አራዘመ። ሰባት ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ከዳካር አልፎ ቻድና ዳርፉር ያደርሳል። ትንበያው እኛ ሰፈር የደረሰው በምድር ላይ የሚለካ ሰው ከሰፈሩ በሸሸበት ዓመት ነው።

ይህን ጉድለት ለአሜሪካ ሲባል ይሞላ ብል ሰው አይሰማኝም፤ እኔም ለዚያ አይደለም የምናገረው። ሞገዱ ባሕር ከመድረሱ በፊት ካርቱምን ያጥለቀልቃል ወይም ያስጠማል፤ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥና ማሽላውን ያበቅላል ወይም ያደርቃል። በመተማ፣ በሁመራና በአሶሳ የሚቆም ጥሩ ራዳር ምሽት ላይ ወደ ሱዳን የሚወርደውን ጭፍራ ከመነሻው ያየዋል፤ ለካርቱም ሰው ከግማሽ ቀን ያላነሰ ጊዜ ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የሱዳን አቻው መረጃ የሚለዋወጡበት ወግ አዲስ አይደለም፤ ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። የጎደለው ከሥሩ የሚገባው ልኬት ነው። ልኬቱን የሚይዝ ሰው ደግሞ ደመወዝ፣ መብራትና የሚያድርበት ሰላማዊ ቤት ያስፈልገዋል።

የቀረችኝን ጊዜ ለጥያቄ ልተው።